ጨዋታና ዕዳው

ሰው ለሥራ ብቻ የተፈጠረ ቢሆን ኖሮ የዕረፍት ቀን ባላስፈለገውም ነበር። በየትም አገር፥ በየትኛውም ዘመን፥ የዕለት እንጀራውን ካገኘ በኋላ ያለ ጨዋታ የኖረ ሕዝብ አልታየም። ሕፃኑ በጭቃ ይጫወታል፤ ጎረምሳው ይታገላል፥ ይሮጣል፥ ፈረስ ይጋልባል፤ ሽማግሌው ገበጣውን ይዞ ከጥላ ሥር ይቀመጣል። እንግዲህ ጨዋታ የሰው ልጅ ጠባይ መሆኑን የሚክድ የለም። የሚያከራክረው ሌላ ነው፤ ይኸውም ጨዋታ ሁሉ ዋጋ ካለው፥ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? የሚለው ጥያቄ ነው። ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። በመንዝ መንገድ ላይ ከአንዲት ባልቴት አፍ የሰማሁት ነው።

የመንዝንና የግሼን ደጋ የሚያውቅ ሰው፥ አገሩ ለጨዋታ የሚመች ነው ብሎ ነገሩን አይጀምርም። ምድሩ ከባሕር ወለል ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ ሌሊት ውርጭ ይወድቃል፤ ገበሬው ባናውን ተከናንቦ ገብሱንና በጉን ሲጠብቅ ይኖራል። ነገር ግን በዚህ ብርዳም አገር ጨዋታ ወቅቱን ጠብቆ ይመጣል። የመኸሩ አዝመራ ከታጨደ በኋላ፥ በልደት በዓል፥ ወጣቱ በቆልማማ ዱላ ሩሩን እየመታ ገና ይጫወታል። በቀድሞው ዘመን በዚያን ዕለት ጌታውና ሎሌው በአንድ ሜዳ ላይ ይጋፉ ነበር፤ ጌታው በሎሌው ዱላ ቢመታም መቆጣት ነውር ነበረ። በጥር ወር ደግሞ በጥምቀት ሰሞን ፈረሰኞች ጉግስ ይገጥማሉ። አንዱ ወገን ይሸሻል፥ ሌላው ያባርራል፤ አባራሪው ዘንጉን ይወረውራል፥ ሸሺው በጋሻው ይመክታል። በዚህ ጊዜ እህሉ ከማሳው ተነሥቶአልና የፈረስ ኮቴ የሚረግጠው ቃርሚያ እንጂ የሰው ጉሮሮ አይደለም።

እኔ በዚያ አገር ወጣት መምህር በነበርሁበት ጊዜ አንድ ቀን ከጣርማ በር ተነሥተን ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው የጠጠር መንገድ እንጓዝ ነበር። በሁለት ላንድሮቨር ተከፋፍለን ነበር የምንሄደው። በመንገዱ እኩሌታ ላይ የኋለኛው መኪና ቀድሞን አለፈና አቧራውን አለበሰን፤ በውስጡ የነበሩትም ጓደኞቻችን በመስኮት እጃቸውን እያወዛወዙ ሣቁብን። በዚህ ጊዜ «አትቀደም! ያዘው!» ብሎ አስቀድሞ የጮኸ ሰው ነበር፤ ያ ሰው እኔ ነበርሁ። ሌሎቹም ተከተሉኝ። ነጂው ጥቂት አመነታ፥ ከዚያም ቤንዚኑን ረገጠ። እውነቱን ለመናገር በዚያን ሰዓት የተሰማኝ ደስታ በሕይወቴ ከተሰማኝ ደስታ ሁሉ የሚያንስ አልነበረም። ነፋሱ ያፏጫል፤ ጠጠሩ ከጎማው ሥር ይረጫል፤ ገደሉ በጎናችን ይሸሻል፤ ልብ ይመታል።

ከአንድ ጠመዝማዛ ላይ ስንወጣ ገብስ የተጫነች አህያ መንገዱን ታቋርጥ ነበር። ነጂው መሪውን ቢያዞርም አልሆነለትም። እንስሳይቱ ከነጭነቷ ከመንገዱ ዳር ወደቀች፤ ገብሱም ፈሰሰ። ባለቤቲቱ፥ በዕድሜ የገፉ ሴት፥ ከኋላ ሆነው ይነዱ ስለነበር እርሳቸውን እግዚአብሔር አተረፋቸው። ወርደን «እማማ፥ ይቅር ይበሉን፤ ስንሽቀዳደም ነው፤ አላየናትም» አልናቸው። ያለንንም ገንዘብ አዋጥተን የአህያ ዋጋ የሚሆን ሰጠናቸው። እርሳቸው ግን አልጮኹም፥ አልተሳደቡም። ገንዘቡን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩና አህያዪቱን እያዩ፥ «ልጆቼ፥ ጨዋታው የእናንተ ነበር፤ አህያዪቱ ግን የእኔ ነበረች» አሉን። ቀጥለውም፥ «ገንዘቡ አህያ ይገዛል። እስከ ገበያው ቀን ድረስ ውሃውንና እህሉን የምሸከመው ግን እኔ ነኝ» አሉ። ወደ መኪናው ስንመለስ ነጂው ለብቻው እንደሚናገር ሰው ሆኖ፥ «ባትጮኹብኝ ኖሮ አልሮጥም ነበር» አለ። የመለሰለት አልነበረም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ ጨዋታ ሳስብ ኖሬአለሁ። መጀመሪያ ወደ ልቤ የመጣው ፍርድ ቀላል ነበር፤ ጨዋታ ከንቱ ነው፥ መኪና ለሥራ ተፈጠረ እንጂ ለእሽቅድምድም አልተፈጠረም የሚል ነበር። እያደር ሳሰላስለው ግን ይህ ፍርድ ትክክል ሆኖ አላገኘሁትም። ብዙ ሰው በዚህ ፍርድ ላይ ስለሚቆም ስሕተቱን መግለጽ ይገባል።

በካናዳ አገር፥ በኩቤክ ክፍል፥ ቫልኩር በምትባል መንደር ዮሴፍ አርማንድ ቦምባርዲየ የሚባል መካኒክ ይኖር ነበር። በዚያ አገር ክረምቱ ሲገባ በረዶው መንገዱን ሁሉ ይቀብረዋል፤ መንደርና መንደር ይቆራረጣል። በ1934 እ.ኤ.አ. ክረምት የሁለት ዓመት ልጁ በትርፍ አንጀት ታመመበት። ሐኪም ቤት ሩቅ ነበር፤ መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ ነበር፤ አባትየው ሊሠራት ይጥር የነበረችው የበረዶ መኪናም ገና አላለቀችም ነበርና ሕፃኑ ሞተ። ይህ ሰው ሥራውን ቀጠለና ከፊት በመንሸራተቻ፥ ከኋላ በሚሽከረከር ሰንሰለት የምትሄድ መኪና ሠራ፤ በ1937 እ.ኤ.አ. ሰባት ሰው የምትይዘውን አወጣ። በእርሷም ሐኪሞች ወደ በሽተኛ፥ ቀሳውስት ወደ ምእመን፥ ተማሪዎች ወደ ትምህርት ቤት ይሄዱባት ነበር። በ1959 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስኪዱ የተባለችውን ትንሽ መኪና ለገበያ አቀረበ። እርሷንም ያሰባት በሰሜኑ በረሓ ለሚያድኑና ለሚሰብኩ ሰዎች ነበር። ሕዝቡ ግን መጫወቻ አደረጋት። ዛሬ በዚያ አገር በረዶ የሚጥልበትን ወቅት እንደ በዓል የሚጠብቅ፥ ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ የሚያጠራቅምላት ብዙ ሕዝብ አለ፤ ለእርሷ ብቻ የተሠራው መንገድ በኩቤክ ውስጥ ከ30,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

እንግዲህ ከአንድ አባት ኀዘን ጋራ የተያያዘች መሣሪያ የጎረምሳ መጫወቻ መሆኗ ነውር ነውን? አይመስለኝም። በእኛም አገር ፈረስ አስቀድሞ ለጦርነትና ለመንገድ ነበር፤ በሰላሙ ጊዜ ለጉግስ ሆነ። ጨዋታውም ፈረሱን አላዋረደውም፥ አከበረው እንጂ። ነገሥታቶቻችንና መሳፍንቶቻችን በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፥ ራስ አሉላ አባ ነጋ ተብለዋል። ሰው በመከራው ጊዜ የተማረውን ብልሃት በደስታው ጊዜ ቢጫወትበት፥ መከራውን ድል መንሣቱን ማሳየቱ ነው። ስለዚህ «ለሥራ ተፈጠረ እንጂ ለጨዋታ አልተፈጠረም» የሚለው ክርክር ባዶ ነው።

ሌሎች ደግሞ «እንዲህ ያለው ጨዋታ የባዕድ ነው፤ ለእኛ ምናችን ነው?» ይላሉ። ይህም ቢሆን የሚያጸና አይደለም። በረዶ ለኢትዮጵያዊ ባዕድ ነው ቢባል፥ አዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለ ማርያም በ2006 እ.ኤ.አ. በቶሪኖ፥ በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ በቫንኩቨር በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ በበረዶ መንሸራተቻ ተወዳድሮአል። የፊተኞቹን ደረጃ አላገኘም። ነገር ግን ለጨዋታው የሚገባውን ድካም በገዛ ሳንባውና በገዛ ጉልበቱ ከፈለ፤ በማንም ላይ ዕዳ አልጣለም። ከእንግዲህ ጨዋታ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ ጥቅም የለውም። የሚጠቅመው በማን ጫንቃ ላይ ይሄዳል ብሎ መጠየቅ ነው።

ሦስተኛው ክርክር ከሁሉ ይከብዳል፤ እርሱም ስለ አደጋ የሚነሣው ነው። ራሊ የሚባለው የመኪና ውድድር ከተከለለ ሜዳ ወጥቶ በተራው መንገድ፥ በአቧራ፥ በጭቃና በገደል አፋፍ የሚደረግ ነው። ከነጂው አጠገብ መንገዱን ከወረቀት እያነበበ የሚነግረው ጓደኛው ይቀመጣል። በጎረቤታችን በኬንያ፥ በዩጋንዳና በታንጋኒካ ምድር ይህ ውድድር በ1953 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ንግሥት ኤልሳቤጥ ዘውድ የጫኑበትን በዓል ምክንያት በማድረግ ተጀመረ፤ በኋላም የሳፋሪ ራሊ ተብሎ በዓለም ታወቀ። እንዲህ ባለው ጨዋታ ሕይወቱን ለአደጋ የሚያጋልጥ ሰው ደፋር ነው ወይስ ሞኝ?

መልሱ ባንድ ቃል የሚያልቅ አይደለም። ከአደጋ የራቀ ጨዋታ ሁሉ ደኅና፥ አደጋ ያለበት ሁሉ ክፉ ነው ብንል ጉግሱንም ትግሉንም መከልከል ይሆንብናል። ጎረምሳ ፍርሃቱን የሚያሸንፍበት ቦታ ካላገኘ፥ ወይ ፈሪ ሆኖ ይቀራል፥ ወይም ድፍረቱን በማይገባው ቦታ ያወጣዋል። የጉግስ ፈረሰኛ ሜዳ ሲገባ ዘንግ እንደሚወረወርበት ያውቃል፤ ጋሻውን የያዘውም ስለዚህ ነው። እናቱ ብትሰጋም፥ ሚስቱ ብታለቅስም፥ ቢያንስ አደጋውን ፈቅዶ የተቀበለው እርሱ ነው። ስለዚህ በጨዋታ ውስጥ ያለውን አደጋ የምንመዝነው በመጠኑ ብቻ አይደለም። የተቀበለው ማን እንደ ሆነ፥ ሲቀበለውም ዐውቆና ወድዶ እንደ ሆነ መጠየቅ አለብን።

በዚህ ሚዛን ሲመዘን የራሊ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። በ1986 እ.ኤ.አ. በፖርቱጋል በተደረገው ራሊ ተመልካቹ መኪናዎቹን በቅርብ ለማየት፥ እንዲያውም በእጁ ለመንካት፥ መንገዱ ውስጥ ይገባ ነበር። አንድ ነጂ ከፊቱ ከቆሙት ሰዎች ለመሸሽ መሪውን ሲጠመዝዝ መኪናው ከመንገድ ወጣና ከሕዝቡ መካከል ገባ፤ ሦስት ሰዎች ሞቱ፥ ብዙዎች ቆሰሉ። በዚህ ጊዜ የታላላቆቹ ኩባንያዎች ነጂዎች ተሰብስበው ከዚህ በኋላ አንወዳደርም ብለው ከውድድሩ ወጡ። በዚያው ዓመት በግንቦት መባቻ በኮርሲካ ደሴት ሄንሪ ቶይቮኔን የተባለው ስመ ጥር የፊንላንድ ነጂ ከጓደኛው ከሰርጂዮ ክሬስቶ ጋራ መኪናቸው ገደል ገብታ ተቃጥላ ሞቱ። ከዚህ በኋላ ጉልበታቸው ከልክ ያለፈው የዚያ ዓይነት መኪናዎች ከዓለም ሻምፒዮና ታገዱ። በፖርቱጋል እንቢ ያሉት ነጂዎች ፈሪዎች ነበሩን? ከዚያ ቀደም በገደል አፋፍ ሲበርሩ የኖሩ ናቸው። በራሳቸው ነፍስ ይጫወቱ ነበር፤ በሌላው ነፍስ ግን አንጫወትም አሉ። እኔ ከእሽቅድምድማቸው ሁሉ ይልቅ ያቆሙበትን ሰዓት አከብራለሁ። ተመልካቹንም ሳስብ በዚያ ጠጠር መንገድ ላይ የጮኸው ድምፅ ትዝ ይለኛል። መሪውን የያዘ ነጂ ብቻ አይደለም የሚነዳው፤ የሚያጨበጭብለትም አብሮ ይነዳል።

ከዚህ የባሰ ነገርም ታይቶአል። ከፓሪስ ተነሥቶ በሰሐራ በረሓ በኩል ወደ ዳካር ይሄድ የነበረው ውድድር በ1978 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ተጀመረ። ባለ መኪናው አውሮፓዊ ይህን መንገድ የመረጠው ምድሩ ሰው የሌለበት ባዶ በረሓ መስሎት ነው። ነገር ግን ባዶ አልነበረም፤ መንደር ነበረበት፥ ጉድጓድ ነበረበት፥ ሕፃናት ነበሩበት። በ1988 እ.ኤ.አ. በተደረገው ውድድር ከተወዳዳሪዎቹ ሌላ የአገሩ ሰዎች፥ ከነርሱም መካከል ሕፃናት ሞተዋል። እነዚህ ሕፃናት ለውድድሩ አልተመዘገቡም፤ ሽልማቱም አይደርሳቸውም ነበር። ለእነርሱ የደረሳቸው ዕዳው ብቻ ነበር።

በዚህ ላይ «ጉዳት የደረሰበት ሰው ካሣ ከተከፈለው ምን ቀረ?» የሚል ይኖራል። እኛም በዚያን ቀን የአህያ ዋጋ በሰጠን ጊዜ ዕዳችንን የጨረስን መስሎን ነበር። ነገር ግን ካሣ ፈቃድን አይተካም። ካሣ ከጉዳት በኋላ የሚመጣ ነው፤ ፈቃድ ግን ከጉዳት በፊት የሚጠየቅ ነው። ባለ ገንዘብ ሁሉ የፈለገውን አፍርሶ ዋጋውን የሚቆጥር ከሆነ፥ ድኻው በገዛ ንብረቱ ላይ የሻጭነት ሥልጣን እንኳ አልቀረለትም፤ ሳይጠየቅ ተሸጦበታልና። ያች ባልቴት «ጨዋታው የእናንተ ነበር» ሲሉን ያስታወሱን ይህንኑ ነው።

በዚያው በኩቤክ የበረዶ መኪና ማኅበራት በገበሬ መሬት ላይ መንገድ ሲያወጡ ባለ መሬቱን ያስፈቅዳሉ፤ ገበሬው እንቢ ካለ መንገዱ ይዞራል። ይህ መልካም ሥርዓት ነው። በአንድ ስፍራ ግን በመንገዱ ዳር የሚኖሩ ሰዎች ጩኸቱና ጭሱ ዕረፍት ነሣን ብለው ከሰሱ፤ በ2004 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤቱ ለነዋሪዎቹ ፈረደላቸው። የተጫዋቹ ደስታ እውነተኛ ደስታ መሆኑን የካደ የለም። ነገር ግን የአንዱ ደስታ በሌላው እንቅልፍ ሊገዛ አይችልም ተባለ። ስለ እንቅልፍ እንዲህ ከተፈረደ ስለ ነፍስ ምን ሊባል ነው?

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በፈረስና በመኪና መካከል አንድ ታላቅ ልዩነት አለ። ፈረስ ይደክማል። ላቡ ይወርዳል፥ ትንፋሹ ያጥራል፥ ገደል ሲያይ ይቆማል፤ ሰው ፊቱ ሲደርስ ለመራቅ ይሞክራል። ስለዚህ የጉግስ ልክ በጋላቢው ጨዋነት ብቻ ሳይሆን በፈረሱም ደም ውስጥ ነበር። መኪና ግን አይደክምም፥ አይፈራም፥ አይራራም። በ1900 ዓ.ም. አካባቢ የመጀመሪያው አውቶሞቢል ወደ ዐፄ ምኒልክ ከተማ ከገባ ወዲህ ጉልበቱ ብዙ ዕጥፍ ጨምሮአል፤ ያ ፈረስ ለጋላቢው ይነግረው የነበረው ልክ ግን በሞተሩ ውስጥ አልተጨመረም። እንግዲህ ፈረሱ ያወጣው የነበረውን ሕግ ነጂው ከራሱ ሕሊና ማውጣት አለበት። ከባድ የሚሆነውም ይህ ነው።

ነገር ግን ይህ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። በዚያው በመንዝ ጓሳ የሚባል ሰፊ የሣር ምድር አለ። ሣሩ ለቤት ክዳን፥ ለገመድና ለገሳ ይሆናል። አባቶች ቄሮ በሚባለው ሥርዓት ምድሩን ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጉት ነበር፤ ሣሩ እስኪያድግ ድረስ ማንም አያጭድም፥ ማንም አያግጥም ነበር፤ ወቅቱ ሲደርስ በጋራ ይከፈታል። በ1967 ዓ.ም. በታወጀው የመሬት አዋጅ የቀድሞው ሥርዓት ፈረሰ። በኋላ ግን የአካባቢው ሕዝብ በማኅበር ሆኖ ጥበቃውን እንደገና አቋቋመ፤ ዛሬም ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው በዚያ ይኖራሉ። በብርድ እየተቸገረ፥ ክዳኑ እያፈሰሰበት፥ ሣሩን በዓይኑ እያየ ወቅቱን የጠበቀ ሕዝብ፥ ለጨዋታ ወቅትና ሜዳ መጠበቅ እንዴት ይሳነዋል?

ስለዚህ ጨዋታ ሁሉ፥ በፈረስም ሆነ በመኪና፥ በሜዳም ሆነ በበረዶ ላይ፥ በሦስት ጥያቄ ሊመረመር ይገባዋል። አንደኛ፥ አደጋውን የሚቀበለው ዐውቆና ወድዶ የገባው ሰው ብቻ ነውን? ሁለተኛ፥ ሜዳው በእውነት ባዶ ነውን፥ ወይስ ባዶ የመሰለን በዚያ የሚኖረውን ሰው ስላላየነው ነው? ሦስተኛ፥ ጨዋታው ወቅትና ወሰን አለውን? ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በጎ መልስ ያለው ጨዋታ ይበረታታ፤ ወጣቱ የሚሽቀዳደምበት የተከለለ ስፍራ ቢያገኝ ድፍረቱ ወደ ብልሃት ይለወጣል። መልስ የሌለው ግን ስሙ ጨዋታ ቢሆንም ግፍ ነው።

የሕዝብ መንገድ የጉግስ ሜዳ አይደለም። በእርሱ ላይ ተማሪው ወደ ትምህርት ቤት፥ ነፍሰ ጡሯ ወደ ሐኪም ቤት፥ ባልቴቷ ወደ ገበያ ይሄዱበታል፤ አንዳቸውም ለእሽቅድምድም አልተመዘገቡም። ይህን ለወጣቱ መንገር የመምህሩም፥ የሹሙም፥ የወላጁም ፋንታ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ከኋላ ተቀምጦ «አትቀደም!» የሚለው ሰው አፉን ይያዝ። እኔ ያን ቀን ዝም ብዬ ቢሆን ኖሮ፥ እኒያ እናት ያንን ሰሞን ውሃቸውን በጀርባቸው ባልተሸከሙም ነበር።